ጋቢ ለብሶ ማጨብጨብ አይመችም

ዛሬ ደብረ ብርሃን መናፈሻው ውስጥ ዘፋኙ ሁለተኛ ዘፈኑን ጨርሶ ጭብጨባ ሲጠብቅ፣ ሁላችንም ጭጭ አልን።

ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ ሳሩ ላይ መቀመጫ እንኳን አልነበረም። ግን የሁላችንም እጅ ጋቢ ውስጥ ነው። በዚህ ብርድ ማን ያወጣዋል?

(ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በነፃ የሚቀርብ ሙዚቃ ነው። እስካሁን የዘፈኑት የከተማችን ልጆች ስለሆኑ ጠባያችንን ያውቃሉ። የዛሬው ከአዲስ አበባ በስስ ሸሚዝ የመጣ ነው።)

ልጁ ፊቱ ተለዋወጠ። "ካልወደዳችሁት ልውረድ እንዴ?" አለ በማይኩ። ሊስቅ ሞክሮ አልሆነለትም።

ይሄኔ አጠገቤ የተቀመጠችው እናቴ ተነሳች።

"ኧረ ወደንሃል ልጄ። እጃችን ጋቢ ውስጥ ሆኖብን ነው። ራሳችንን ስንነቀንቅልህ አላየህም?"

መናፈሻው በሳቅ ሞላ። እሷ ግን በዚህ አላበቃችም፤ የራሷን ጋቢ አውልቃ መድረኩ ላይ ወጣችና ደረበችለት።

ልጁ ሞቀው መሰለኝ ድምፁ ተከፈተ። ከዚያ በኋላ አምስት ዘፈን ተጫወተ፤ ሁሉንም ጋቢውን ሳያወልቅ።

በእያንዳንዱ ዘፈን መጨረሻ ከልቧ የምታጨበጭበው እናቴ ብቻ ነበረች። ጋቢ የላትማ።

አሳዘነችኝና "ነይ፣ የኔን አብረን እንልበስ" አልኳት።

"ተይኝ" አለችኝ። "እኔም ከገባሁ ማን ያጨበጭብለታል?"

እናንተስ፣ በብርዳችን ምክንያት የተቀየመ እንግዳ ገጥሟችሁ ያውቃል? እጃችሁን ከጋቢ አውጡና ጻፉልኝ።