አራተኛው ቸርኬ

ጓሮዬ ውስጥ፣ ከባሕር ዛፉ አጥር ሥር፣ የመኪና ቸርኬ ቀለም መቀቢያ ማቆሚያ አለ። ጎረቤቶቼ ባለቤቱን ይመስላል ይላሉ፤ ቀጭን፣ ዝገታም፣ ሲነኩት የሚጮህ።

የሠራው ባልንጀራዬ ነው። ደብረ ማርቆስ ውስጥ እሱ በያጅ፣ እኔ ቀለም ቀቢ ሆነን ጎን ለጎን አርጅተናል። አሠራሩ ቀላል ነው። አሮጌ የውኃ ቱቦ በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ በሲሚንቶ ተተክሏል። ቱቦው ጫፍ ላይ የብስክሌት ጎማ መሐል፣ እኛ ሞዞ የምንለው፣ በጎኑ ተበይዷል። ሞዞው ላይ አምስት ቀዳዳ ያለው ላሜራ አለ፤ ቸርኬው እዚያ በብሎን ይታሰርና ይሽከረከራል። አንዱ ያዞራል፣ ሌላው ይረጫል፤ ቀለሙም ዙሪያውን እኩል ይለብሳል።

ሁለት ሰው የግድ ነው፣ ያውም ቀቢው እኔ ከሆንኩ። ቀኝ እጄ መርጫውን ይይዛል፤ ግራ እጄ ደግሞ ቀኝ እጄን ይይዛል፣ መንቀጥቀጥ ከጀመረው ቆይቷልና። ለማዞር የሚተርፍ እጅ የለኝም። ኮምፕሬሰሩ ነፋስ ከሞላ በኋላ እናጠፋዋለን፤ እሱ በጣቱ እያዞረ ያንጎራጉራል፣ የእኔም እጅ በእንጉርጉሮው ልክ ይሄዳል። የሞዞው ኩሽኔታ በየዙሩ «ሲጥ» ይላል። እንዳይጮህ ግራሶ ላድርግበት ስለው፣

«ተወው ይናገር» አለኝ። «እሱ ዝም ካለ አንተን እንቅልፍ ወስዶህ ሥራው ቆሟል ማለት ነው።»

አንዲት የድሮ ቮልስ ነበረችው። አምበር ከተማ በአንድ ሰው ግቢ ዶሮ ሲያድርባት አግኝቶ በጭነት አመጣት። ከእኔ ትዳር ትበልጣለች፤ ከትዳሬም በተሻለ ተጠግናለች። የቀራት አራቱን ቸርኬ ወተትማ ቀለም መቀባት ብቻ ነበር። ሦስቱን ጨረስን። አራተኛው ቀይ ጸረ ዝገቱን እንደለበሰ ማቆሚያው ላይ ቀረ።

የቀረው በእኔ ነው። በእኛ አገር ሥራ ለምን ቀረ ሲባል በዓል ነው ማለት ይበቃል። የእኔ ደግሞ ለጉድ ነው። ወገቤን ሲያመኝ ሚካኤል ይሆናል፣ ሲዘንብ ጊዮርጊስ፣ ጠላ ሲያምረኝ አቦ። እሱ ሙስሊም ስለሆነ አይቆጥርብኝም ብዬ ነበር።

«ዛሬስ?» አለኝ አንድ ጠዋት፣ እጅጌውን ሰብስቦ በሩ ላይ ቆሞ።

«ዛሬማ ማርያም ናት። ብረት አልነካም።»

«ያንተ ቅዱሳን ከእኔ ቸርኬ ጋር ምን ጠብ አላቸው?»

«እነሱን ጠይቃቸው።»

ሳቀ። ሊወጣ ሲል ቸርኬውን በጣቱ አዞረው። አጥሩን አልፎ ከሄደም በኋላ ሲጥ፣ ሲጥ ይል ነበር። በሦስተኛው ቀን ልቡ ቆመ አሉኝ። ቀብሩ ላይ ቆሜ የምሰማው ያንኑ ድምፅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ፣ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከጮቄ ተራራ ሲወርድ፣ ቸርኬው ብቻውን ይዞራል። ሁልጊዜ የሚቆመውም የነፋስ መሙያው ቀዳዳ ወደ ላይ ሲሆን ነው። ያ ጎኑ ስለሚቀል ነው፤ አርባ ዓመት ቸርኬ ቀብቼ ይህ ይጠፋኛል? ግን ሲጥ ባለ ቁጥር «መጣሁ» እላለሁ። አንድ ቀን ለካ ድምፄን ከፍ አድርጌ ኖሯል፣ ጎረቤቴ በአጥሩ ብቅ አለች።

«ማንን ነው መጣሁ የምትለው?»

«ዶሮዋን» አልኳት። ዶሮ የለኝም።

በመጨረሻ ግራሶ ቀባሁት። ዝም አለ። ቀና ብዬ ሳይ ድምፅ ሳያሰማ እየዞረ ነው፤ ይኼኛው ባሰ። በማግስቱ ግራሶውን በቤንዚን አጠብኩት።

ባለፈው ሚካኤል ዕለት የባልንጀራዬ ሚስት መጣች። በየገበያው ጨርቅ የምትነግድ ሴት ናት።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ ወንድሜ ከአማኑኤል ከተማ መጥቶ መኪናዋን ሊወስዳት ነው። አንድ እግሯ ቀይ ሆኖ ግን ከግቢዬ አትወጣም። እሱ አይወድላትም ነበር።»

ቀለሙ አለ፣ መርጫው አለ፤ እጅ ነው የሌለኝ።

«አንቺ ታዞሪልኛለሽ?»

«ዛሬ? ዛሬ እኮ ሚካኤል ነው። ያውም እውነተኛው።»

«እውነተኛው» ስትል የቀለም ቆርቆሮ ሳብኩ። ቆርቆሮው ላይ ተቀመጥኩ።

«እቴ፣ መጨረሻ የመጣ ቀን ማርያም ናት ብዬ መለስኩት። ማርያም አልነበረችም። ወገቤንም አላመመኝም። ፀሐይ መሞቅ አምሮኝ ነው።»

የሻርፗን ጫፍ ወደ ኋላ አሰረች።

«ያውቅ ነበር» አለች።

«ምኑን?»

«ጋሼ፣ እኛ ነጋዴ ነን። ገበሬው በየትኛው በዓል ሞፈሩን ሰቅሎ ገበያ እንደሚወጣ ካላወቅን ምን በልተን እናድራለን? ያን ቀን ቤት ገብቶ፣ ‹ገብርኤል ትናንት አለፈ፣ ማርያም ነገ ናት፤ ሽማግሌው ዛሬ ራሱን አንግሦ ተቀምጧል› አለኝ። እየሳቀ ነው ምሳውን የበላ።»

«አልተቀየመኝም?»

«‹ነገ እውነተኛይቱ ማርያም ናት፤ ከነገ ወዲያ ሄጄ አስጨርሰዋለሁ› አለ።»

ከነገ ወዲያ ያለው ያረፈበት ቀን ነው።

ሚካኤልን በሆዴ ይቅርታ ጠየቅሁና ተነሣሁ። ኮምፕሬሰሩን ሞልቼ አጠፋሁት። መጀመሪያ ቸኮለች፤ ቀለሙ አንድ ቦታ ፈሰሰብኝ፣ በጨርቅ ጠረግሁት። ቀስ በይ ልላት አፌን ስከፍት ማንጎራጎር ጀመረች። የእሱ እንጉርጉሮ ነው። ለካ ቤትም ያንጎራጉረው ኖሯል። ኩሽኔታው ሲጥ እያለ ተከተላት፣ እጄም ልኩን አገኘ። እስክጨርስ ድረስ ቀና አላልኩም። ማን እያዞረ እንደሆነ ማየት አልፈለግሁም።

ቅዳሜ መኪናዋ በአራት ወተትማ እግር ወጣች። ማቆሚያው አሁን ባዶ ነው፤ ነፋስ የሚይዘው ነገር ስለሌለ አይዞርም። ጎረቤቴ ከሰዓት በኋላ ሲጥ ሲል ከሰማች እኔ ነኝ፣ ላሜራውን በጣቴ እያዞርኩ። በዓል ቢሆንም።