የናጋው ሽማግሌ ድግስ

"ባህል እወዳለሁ" የሚል ሰው ሲገጥመኝ ፊቴን አዞራለሁ። ክፉ ሆኜ አይደለም፤ ክፉ ከሆንኩም ያከፋችኝ ሴት አለች። ኬንቲሽ ታውን ውስጥ እኔ ካለሁበት ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ላይ ነው የምትኖረው። እኛ ሁላችን የካውንስል ተከራዮች ነን፣ የቀበሌ ቤት እንደ ማለት ነው፣ እሷ ግን ፍላቷን ገዝታ ነው የገባችው፤ ይህንንም ሳታስታውሰን ውላ አታውቅም። ካምደን ካለ አንድ የማኅበረሰብ ማዕከል ውስጥ "የዓለም ባህሎች ምሽት" የሚባል ነገር ታዘጋጃለች። አንገቷ ላይ የማይንጠለጠል የአገር ጨሌ የለም። አንድ ቀን ሊፍት ውስጥ የነጠላዬን ጥለት በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ይዛ "ይሄ ምንን ይወክላል?" አለችኝ። "ብርድን" አልኳት። ስልኳ ላይ ጻፈችው።

ከእኔ በር ፊት ለፊት ናጋዎች ይኖራሉ። ናጋ ማለት ሕንድና በርማ በሚዋሰኑበት ተራራ ላይ ያለ ሕዝብ ነው። እኔም ብሆን እነሱን እስካውቅ ድረስ ስማቸውን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ልጅቷ ነርስ ናት። እናቷ ሲሞቱባት አባቷን አስመጥታ አብረዋት ይኖሩ ጀመር። እኔ "አባባ" እላቸዋለሁ፤ ትርጉሙን ስነግራቸው ደስ አላቸው፣ ከዚያ ወዲያ በሌላ ስም ብጠራቸው ዞርም አይሉም። የባፕቲስት ዲያቆን ናቸው። ቆሻሻ ሊጥሉ እንኳ ሲወርዱ ክራቫት ያስራሉ። እሁድ እሁድ ፊንስበሪ ፓርክ ካለው የአማርኛ ቸርቻችን ስመለስ ደረጃው ላይ ይጠብቁኝና "ዛሬ ምን ዘመራችሁ?" ይሉኛል፤ እኔም እዚያው ቆሜ አንድ አንጓ አዜምላቸዋለሁ።

አንድ ቀን ልጅቷ ጠራችኝና ከሳጥን ውስጥ አንድ ጋቢ አውጥታ አሳየችኝ። ጥቁር ነው፣ የበሬ ራስና ኮከብ ተጠልፎበታል፤ የሽመናው ጥብቀት ሌላ ነው። "አባባ፣ እስቲ ይልበሱትና ልይዎት" ስላቸው ሳቅ አሉና "አልችልም፣ የእኔ አይደለም" አሉኝ። የአባታቸው ነው። አባታቸው በሬ አርደው፣ መንደሩን በሙሉ አብልተው ነው የለበሱት። በእነሱ መንደር ያንን ጋቢ ሕዝቡን ያላበላ ሰው አይለብሰውም፤ ልጅ ቢሆን ይወርሰዋል እንጂ ትከሻው ላይ አያደርገውም። ሚሲዮኖቹ ሲመጡ በድግሱ ላይ ጠላም መሥዋዕትም አለበት ብለው ከለከሉት። አባባም ዲያቆን ሆኑ፣ ጋቢውም ሳጥን ውስጥ ቀረ።

አሁን ግን ሽማግሌው ሊለብሱት ፈለጉ። ልባቸው ታሟል፤ ሐኪሙ አውሮፕላን አይታሰብም ብሏቸዋል፣ ስለዚህ አገራቸውን እንደማያዩት ያውቃሉ። ሲቀበሩ ያንን የአባታቸውን ጋቢ ለብሰው ነው መቀበር የሚፈልጉት፤ ለዚያ ደግሞ በሕይወት እያሉ ማብላት አለባቸው።

"መንደርዎ እኮ እዚህ የለም፣ አባባ" አልኳቸው።

"ያለሁበት ሕንፃ መንደሬ ነው" አሉኝ። ጠላ አይኖርም፣ መሥዋዕትም አይኖርም፤ በጸሎት ይከፈታል፣ ሰው ይበላል፣ በቃ።

"ሳይበላ የሄደ ሰው ቢኖርስ?"

"እንግዲያስ መንደሩን አላበላሁማ" አሉ፣ ግልጽ ነገር እንደጠየቅኳቸው ሁሉ።

ወደ ሴትየዋ ልመለስ። ናጋ ሕንፃችን ውስጥ እንዳለ ስትሰማ እንቅልፍ አጣች። ልጅቷን "አባትሽ ላባና ጦራቸውን ይዘው ማዕከሉ ይምጡልኝ" አለቻት። አባባ ኮትና ክራቫት አድርገው መጡ። ሴትየዋ ስላይድ ከፈተችና ናጋዎች ዱሮ የጠላት ራስ ይቆርጡ እንደነበር በታላቅ ደስታ ትተርክ ጀመር። ጨርሳ ወደ አባባ ዞረችና "ከዚያ ዘመን የሚያስታውሱት ነገር አለ?" አለቻቸው። "እኔ የማስታውሰው መዘምራኑን ነው፣ በአራት ድምፅ ነበር የምንዘምረው" አሉ፤ የመጀመሪያውንም ድምፅ አሰሙ። አዳራሹ እንደ ማፈር ብሎ አጨበጨበ። ቀጥሎ የድግሱ ስላይድ መጣ። መንደሩን ያላበላ ሰው ይህን ጨርቅ ቢለብስ ነውር እንደነበር በራሷ አፍ ተናገረች፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። "ነበር" የምትለውን ቃል ግን እንዴት እንደምትወዳት።

በዚያው ሰሞን ደግሞ የአኩሪ አተሩ ጉዳይ መጣ። ልጅቷ አኩሪ አተር ቀቅላ፣ በቅጠል ጠቅልላ፣ ማሞቂያው አጠገብ ታስቀምጠዋለች፤ ሲብላላ ለወጥ ማጣፈጫ ይሆናል። ይሸታል፣ አልዋሽም፤ የመጀመሪያ ቀን የሞተ ነገር መስሎኝ ቤቴን ስፈትሽ ነበር። ግን እኔ ቅቤ ሳነጥር እነሱ ምን ይሉኛል ብዬ ዝም አልኩ። ሴትየዋ ዝም አላለችም። ለካውንስሉ ኮምፕሌን አደረገች፣ ሰውዬ መጥቶ ደረጃውን አሽትቶ ሄደ፣ ልጅቷም መስኮቷን ከፍታ በብርድ ታበስል ጀመር። ማን እንደከሰሳት አላወቀችም። ሴትየዋ ግን ዓይኗን በጨው አጥባ ለእኔ ነገረችኝ፣ እዚያው ሊፍት ውስጥ፦ "ባህላቸውን አከብራለሁ፣ ግን የጋራ ደረጃ ላይ መሽተት የለበትም።" ደሜ ፈላ። ሕዝቡን በስላይድ ትፈልገዋለች፣ ድስቱ ሲከፈት አፍንጫዋን ትይዛለች።

የድግሱ ሳምንት አባባ እያንዳንዱን በር ራሳቸው እያንኳኩ ጠሩ። ደረጃውን ሲወጡ ለማረፍ እየተቀመጡ፣ ልጃቸው ብትለምናቸውም እኔ ልሂድ ብላቸውም እንቢ አሉ። የእሷንም በር አንኳኩ። ቪጋን ነኝ አለቻቸው። ምን እንደሆነ ልጃቸውን ጠየቁ፤ ሥጋም ቅቤም የማይበላ ሰው መሆኑን ሲረዱ ለእሷ ብቻ አንድ ድስት ተለየ፣ ጎመንና አኩሪ አተር፣ ጭልፋው እንኳ የተለየ። ሦስተኛ ፎቅ ላሉት ሶማሌዎች ከፊንስበሪ ፓርክ ሐላል የበሬ ሥጋ ተገዛ፤ አሳማ ለሚበላ አሳማው በሌላ ምድጃ ተሠራ። እኔም ከአሳማው ስለማልደርስ ከሶማሌዎቹ ጋር ተመደብኩ። ቸርች ውስጥ ለአንዲት እህት ብነግራት "ራስ ቆራጮች ቤት ልትበዪ ነው?" አለችኝ። የእኛም ሰው ከዚያች ሴት አይሻልም፣ ልዩነቱ ስላይድ የሌለው መሆኑ ብቻ ነው።

ቅዳሜ ቀትር ላይ ምድር ቤት ያለው የተከራዮች አዳራሽ ሞላ። አባባ ጸለዩ፣ ከዚያ ለየሰዉ በእጃቸው አቀረቡ። ከማንም ጋር የማያወራው የመጀመሪያ ፎቅ ሽማግሌ እንኳ ወርዶ በላና ሳህኑን አስደገመ። በርበሬያቸው እንደ እኛ አይደለም፣ ዓይን ያጠፋል፤ እያለቀስኩ በላሁ። ያ አኩሪ አተር ከሩዝ ጋር ሲሆን እንዴት ይጣፍጣል። ጋቢው ታጥፎ ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ሁሉም በልቶ ሲያበቃ ሊለበስ።

ሴትየዋ ካሜራ የያዘ ጓደኛዋን አስከትላ መጣች። ለየት ያለ ሳህኗን አባባ ራሳቸው አመጡላት። "ኦ፣ እንዴት ደስ ይላል" አለች፤ ፎቶ አነሳችውና መስኮቱ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ እየተዟዟረች ሰው ሲበላ ታነሳለች። ጠበቅኩ። ሳህኑ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ሄጄ ከሩዙ ትንሽ ጠቅልዬ በእኛ ደንብ ጉርሻ ዘረጋሁላት። እጄን በሳቅ መለሰችው፣ በልቼ ነው የመጣሁት አለችኝ።

"ካልበላሽ እኮ አይለብሱትም" አልኳት በሹክሹክታ። "አንቺው አይደለሽ የነገርሽን?"

"እሱ ድሮ ነው፣ አሁን ክርስቲያን ናቸው" አለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋም "ጋቢውን አሁን ቢለብሱት፣ ብርሃኑ ጥሩ ነው" አለች።

አባባ ልጃቸውን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት። በላች ወይ ብለው ነው። ልጅቷ አንጀቷ አልችል ብሎ "በልታለች" አለቻቸው። እሳቸው ቀስ ብለው ወደ መስኮቱ ሄዱ፣ ሳህኑን አዩት፣ ዝንብ እንዳይገባበት በሌላ ሳህን ከደኑት። ከዚያ ጋቢውን አንስተው ለልጃቸው ሰጧትና "አስቀምጪው" አሉ። ሰውን ሁሉ አመስግነው፣ እጅ እየጨበጡ ሸኙ። ሴትየዋ ፎቶው ስላመለጣት ተቀይማ ወጣች።

ለልጅቷ "ለምን ይዘን አናበላትም ነበር?" አልኳት፣ እሳት ሆኜ። "ሰው በግድ ቢበላ አበላሁ ይባላል?" አለችኝ። ሌላ ድግስ እንዲደግሱ የታመመው ልባቸው አልፈቀደላቸውም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ።

እንግዲህ ስንገንዛቸው ጋቢውን እንደርብላቸው፣ ማን ያያል ብዬ ለመንኳት። ነርሷ ልጅ የሬሳ ልብስ እያጠፈች "እሳቸው እምቢ ያሉትን ተኝተው ሳሉ አላለብሳቸውም" አለችኝ። በኮታቸውና በክራቫታቸው ተቀበሩ። ጋቢው ተመልሶ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ እሷም አትለብሰውም።

ሴትየዋ ቀብር ላይ ነበረች፣ ጨሌዋን ሁሉ ደርድራ፣ እውነተኛ እንባ እያለቀሰች። ከመቃብሩ ስንመለስ ክንዴን ይዛ "ያ ጋቢ የት ሄደ? እሱን ለብሰው መቀበር ነበረባቸው እኮ፣ ቅርሳቸው ነው" አለችኝ።

"አንቺ ስላልበላሽ ነው የተዉት" አልኳት።

ቆመች። "እኔ? እኔ እኮ የመንደራቸው ሰው አይደለሁም።"

"እሳቸው ግን ቆጥረውሽ ነበር" አልኳት።