አባቴ ኦሪት ላይ የጨመራቸው ትእዛዞች

አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ፣ ጉማሬ ባለበት ውሃ መዋኘትን የከለከለው ሙሴ ይመስለኝ ነበር። ሞኝ ሆኜ አይደለም። አባቴ ሰንበት በመጣ ቁጥር ኦሪት ሲያነብልን ከራሱ እየጨመረ ያነብ ስለነበር ነው።

ባሕር ዳር ውስጥ ቤተ እስራኤል የሆንን ቤተሰቦች በጣት የምንቆጠር ነበርን። ቄስ በአቅራቢያችን የለም፤ የእኛ የሚባል ትምህርት ቤትም የለም። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነው። በልጅነቱ ጎንደር አጠገብ በሚገኘው መንደራቸው ጥቂት ዓመት ተምሯል፤ ኦሪት በየሳምንቱ ተከፋፍሎ እንደሚነበብ የሰማውም እዚያ ነው። ስለዚህ ዓርብ መስገድ ከሚፈልግ ሙስሊም ባልደረባው ጋር ፈረቃ እየተለዋወጠ ቅዳሜን ቤት ይውላል። መስኮቱን ገርበብ ያደርጋል፤ ጊዜው ደርግ ነው፣ የቀበሌ ጆሮ ጠቢ አይጠፋም። ከዚያ እናቴንና አራት ልጆቹን አስቀምጦ ያነብልናል። ፈረቃው የማይመችበት ሳምንት ስለሚበዛ እኛ ቤት ኦሪት ሁልጊዜ ወደኋላ እንደቀረ ነው።

ቅርፊት የሌለው ዓሣ አይበላም ብሎ ካነበበ በኋላ፣ ድምፁን እንኳ ሳይለውጥ፣ “የቤት ሥራውን ሰንበት ከመግባቱ በፊት ያልጨረሰ ልጅም ከማዕድ ይራቅ” ይላል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ በዚህ ምክንያት የጣናን አምባዛ ቀምሼ አላውቅም፣ ቅርፊት ያለውን ቆሮሶ ግን እስኪበቃኝ በልቻለሁ። ሁለተኛውም እውነት መሰለኝ። ከተነበበው ውስጥ አንዱን ትእዛዝ በሳምንቱ መፈጸም ግዴታችን ስለነበር፣ ዓርብ ዓርብ ሒሳብ የምሠራው እግዚአብሔርን ፈርቼ ነው። የጉማሬውን ሕግ ለሙስሊሙ ጎረቤታችን ለነጋዴው ልጅ ስነግራት፣ “ነቢዩ ሙሳ ጉማሬ የት አየ?” አለችኝ።

“አባይ ዳር አይደል ያደገ?” አልኳት። እሷም አመነች።

መጽሐፉን ለማመሳከር የሚደፍር አልነበረም። ከሰንበት እስከ ሰንበት ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፤ የሳጥኑ ቁልፍ ያለው እናቴ ዘንድ ነው።

የማትሪክ ውጤቴ መጥቶ ሐረርጌ ያለ ኮሌጅ ሲደርሰኝ፣ አባቴ ነገሩን ባንድ ቃል ዘጋው። “ሴት ልጅ አገር አቋርጣ ብቻዋን አትማርም።” ወንድሜ ቢሆንስ ኖሮ ብዬ ብጠይቀው፣ “እሱ ሌላ” አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ አለቀስኩ። መመዝገቢያው ቀን እየቀረበ ነው፤ ካለፈ አለፈ። እናቴ ግን ትንፍሽ አላለችም። እውነቱን ለመናገር፣ ከአባቴ ይልቅ የተናደድኩት በእሷ ነበር።

ቅዳሜ አባቴ መጽሐፉን ሲከፍት፣ “ዛሬ እኔ ላንብብ” አለች። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራለች፤ የምስክር ወረቀቷም ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። እኛ ፊት ግን አንብባ አታውቅም። አባቴ ደስ ብሎት መጽሐፉን ሰጣት።

“ቆጠራው ላይ ነን። የስም መዓት ነው፤ እኔ ሁሌም እስከ መሥዋዕቱ ሕግ ድረስ እዘለዋለሁ፣ አንችም ዝለይው” አላት።

አልዘለለችውም። በጣቷ እየተከተለች ነገዱን ሁሉ አንድ ባንድ ስትጠራ ታናናሾቼን እንቅልፍ ጣላቸው። ከቆጠራው ቀጥሎ ግን፣ ወንድ ልጅ ሳይወልድ የሞተ የአንድ ሰው አምስት ሴቶች ልጆች መጡ። በሙሴና በአለቆቹ፣ በሕዝቡም ሁሉ ፊት ቆመው፣ አባታችን ወንድ ልጅ ስላልነበረው ድርሻችን ለምን ይቀራል ብለው ጠየቁ። ሙሴ ነገሩን ወደ እግዚአብሔር አቀረበ። እግዚአብሔርም ሴቶቹ ልክ ናቸው፣ ድርሻቸውን ስጣቸው አለው።

አባቴ ሳቀ። “ይችን እንኳ አንች ነሽ የጨመርሻት።”

እናቴ ከመጽሐፉ ቀና አላለችም። “እኔ መጨመር አላውቅም። ጉማሬም የለበት፣ የቤት ሥራም የለበት። እንዳለ ነው ያነበብሁት።”

አባቴ ግንባሩን በነጠላው ጠረገ። እነዚያ ሁሉ የሒሳብ ዓርቦች ትዝ አሉኝና ልሳቅ ልቆጣ ግራ ገባኝ።

“ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?” አላት በመጨረሻ።

“ፊደል ከለየሁ ጀምሮ። ቁልፉ እኔ ዘንድ አይደል?”

“ታዲያ እስከ ዛሬ ምነው ዝም አልሽ?”

“ልጆቹ ከውሃው በደኅና ይመለሱ ነበራ። ይችም ልጅ እዚህ የደረሰችው በእርስዎ ኦሪት ነው። ከእንግዲህ ደግሞ በሙሴው ትሂድ።”

አባቴ መጽሐፉን ተቀበላት። መነጽሩን አስተካክሎ፣ ያንኑ ክፍል መጀመሪያ ለራሱ፣ ቀጥሎ ጮክ ብሎ፣ ምንም ሳይጨምር አነበበው። እግዚአብሔር ሴቶቹ ልክ ናቸው ያለበት ጋ ሲደርስ ቃሉን ደግሞ አነበበው፤ እኔም አለቀስኩ።

“እንግዲህ እግዜር እሺ ካለ እኔ ማን ነኝ?” አለና ወደ እኔ ዞረ። “መቼ ነው የምትሄጅ?”

“ማክሰኞ” አልኩት።

ሰንበት ሲወጣ ልብሴን ላዘገጃጅ ብዬ ጓዳ ብገባ፣ ለካ እናቴ ሻንጣዬን ሐሙስ ዕለት ሞልታ ዘግታዋለች።