ሰዓዳ ስትወጣ የሚጠፋው ኮምፒውተር

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ካቻቢቴ እንኳ አልጨበጥኩም። የጥገና ቤቱ ዋና ቴክኒሻን ጋሽ ሙሉጌታ ሦስት ኮምፒውተሮች አበሩና “እጅሽን ከጀርባቸው አድርጊና የትኛው እንደታፈነ ንገሪኝ” አሉኝ። ዲፕሎማዬን በላስቲክ ጠቅልዬ ይዤ ነበር፤ ዞር ብለውም አላዩት። መሀለኛው ነው አልኳቸው። “በምን አወቅሽ?” “የሚወጣው አየር ትንሽ ነው፤ ግን ይፋጃል።” “በቃ፣ ነገ በጠዋት ነይ።” ረዳት ቴክኒሻን የሆንኩት እንዲህ ነው።

የምንሠራው አቃቂ በሰቃ፣ በጥቃቅንና አነስተኛ ለተደራጁ ወጣቶች የተሰጠ የቆርቆሮ ሼድ ውስጥ ነበር። ጋሽ ሙሉጌታ “ወጣት” ተብለው እንዴት እንደተመዘገቡ ዛሬም አላውቅም፤ ያኔም ፀጉራቸው ግማሹ ሸብቶ ነበር። ከዚያ በፊት በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የአየር ማመላለሻ ክፍል ፎርማን ነበሩ። የጥጥ ብናኝ ማሽንንም ሰውንም ሲያፍን ስላዩ፣ ኮምፒውተር ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚፈልጉት አየሩ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ነው። እኔ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ሳይ እሳቸው የአየር ቀዳዳውን ያያሉ። በዚህ እቀናባቸው ነበር።

ያኔ አቃቂ አቧራ ብቻ ነበር። እዚህ ኮብልስቶን ይነጠፋል፣ እዚያ ኮንዶሚኒየም ይሠራል፣ በመሀሉ ከባድ መኪናው አያቋርጥም። ይህ ሁሉ ብናኝ የሚያርፈው የግራፊክስ ካርድ ላይ ነው። ካርዱ ምስል የሚሠራው የኮምፒውተሩ ክፍል ስለሆነ ሥራ ሲበዛበት ይግላል። ከፋብሪካ የሚመጣበት ፋን ደግሞ ትንሽ ነው፤ አቧራ ሲቅም እያቃሰተ ይቆማል። ሠርግ የሚያቀናብሩ ቪዲዮ ቤቶችና ጌም ቤቶች ካርዳቸውን በጋዜጣ ጠቅልለው እያመጡ ይሰለፉብን ነበር።

አሠራራችን ደረጃ ነበረው። መጀመሪያ ብሩሽና ብሎወር። ከዚያ ሙቀት ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረውን የደረቀ ፔስት በአልኮል ጠርገን፣ የምስር ፍሬ የሚያህል አዲስ እንቀባለን። ካልበቃው የራሱን ፋን ከነፕላስቲኩ እንነቅልና ሁለት የኮምፒውተር ፋኖች በፕላስቲክ ማሰሪያ እናስርበታለን። መልኩ አያምርም፤ ግን ድምፁ ይቀንሳል፣ ካርዱም ይበርዳል።

ከፍ ያለው መፍትሔ የመዳብ ቱቦ ያለው ትልቁ ማቀዝቀዣ ነበር፤ ከዱባይ የሚመለሱ ነጋዴዎች በሻንጣ ነው የሚያመጡት። የብሎኑ ቀዳዳ ከካርዱ ጋር መግጠሙን ሳያዩ መግዛት ኪሳራ ነው። ዙሪያውን ላሉት ለትንንሾቹ የሜሞሪ ቺፖችም የየራሳቸውን ብረት መለጠፍ ያስፈልጋል። ይህን የሚረሳ ብዙ ነው፤ መሀሉ ቀዝቅዞ ዳሩ ይቃጠልበታል። አንድ ደንበኛ በውሃ ስለሚሠራው ማቀዝቀዣ ሲጠይቅ፣ ጋሽ ሙሉጌታ የሼዱን ጣሪያ ቀና ብለው አዩና “ክረምት ይግባ እንጂ በነፃ እንገጥምልሃለን” አሉት።

ሰዓዳ የመጣችው በዚያ ሰሞን ነው። ድራፍቲንግ፣ ማለትም የሕንፃ ንድፍ መሣል፣ የተማረች፣ ግን ቂሊንጦ አንድ ኮንትራክተር ዘንድ የሲሚንቶ መጋዘን የምትጠብቅ ልጅ ነበረች። ኮንትራክተሩ አንድ ቀን ሥዕሏን አይቶ የሙከራ ሥራ ሰጣት፦ ገና ያልተሠራ ሕንፃ ውስጥ እየተዘዋወሩ የሚያሳይ ቪዲዮ። እስከ አርብ ካስረከበች በድራፍተርነት ይቀጥራታል፤ ካልሆነ ሥራው ከተማ ላለ ትልቅ ቢሮ ይሄዳል፣ እሷም ወደ ሲሚንቶዋ።

ኮምፒውተሩ ያንን ቪዲዮ ለማውጣት ቀኑን ሙሉ መሥራት አለበት። ጠዋት ታስጀምረውና ሥራ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጠፍቶ ታገኘዋለች። ባለመዳብ ቱቦውን ማቀዝቀዣ ገጠምኩላት፣ ቺፖቹንም አልረሳሁም። ሼዳችን ውስጥ ቀኑን ሙሉ አሠራሁት፤ ሙቀቱ ከሰባ ዲግሪ አላለፈም። ጋሽ ሙሉጌታ እጃቸውን ከጀርባው አድርገው “ጎበዝ፣ ንፁህ ሥራ ነው” አሉኝ። የሳቸው “ጎበዝ” በቀላሉ አይገኝም፤ ያን ቀን መሬት አልረገጥኩም።

ረቡዕ ከሰዓት ሰዓዳ ኮምፒውተሩን አቅፋ ከባጃጅ ወረደች። ዓይኗ ቀልቷል።

“ሰኒ፣ እኔ አጠገቡ ስሆን ይሠራል። ስወጣ ይጠፋል።”

“ናፍቀሽው ነዋ” ብዬ ቀለድኩ። አልሳቀችም።

“ነገ ካልወጣልኝ አለቀልኝ። ሌላ ሰው ነው የሚቀጥረው።”

አንጀቴን በላችው። ፓወር ሰፕላዩን ልቀይር ስነሳ ጋሽ ሙሉጌታ ከለከሉኝ። “ማሽኑ እዚህ ደህና ነው። ማየት ያለብን በሚታመምበት ሰዓት፣ በሚታመምበት ቦታ ነው” አሉ። ወደ ሰዓዳ ዞረው “ነገ ጠዋት እንደልማድሽ አስጀምሪውና ሥራሽ ሂጂ። አንቺ በሌለሽበት እንመጣለን” አሏት።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ገላን ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ወጥተን አንኳኳን። የከፈቱልን የሰዓዳ እናት፣ እትዬ ዘይነባ፣ ከወሎ መጥተው አቃቂ ላይ የከረሙ ሴት ናቸው። ከጥገና ቤት ነን ስንላቸው እየመረቁ አስገቡን።

ኮምፒውተሩን አላየሁትም። ጥግ ላይ የቆመ፣ ከላዩ ነጭ ዳንቴል የለበሰ አንድ ነገር ነበር። ከዳንቴሉ ሥር ብርድ ልብስ እስከ ወለሉ ወርዷል። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ፋኑ ይጮኻል።

“እማማ!” ብዬ ስንደረደር ጋሽ ሙሉጌታ የጃኬቴን እጅጌ ይዘው አስቆሙኝ። ዱካ ስበው ተቀመጡ።

“ዳንቴሉ እንዴት ያምራል! የእጅዎ ሥራ ነው?”

“የኔው ነው ወንድሜ” አሉ እትዬ ዘይነባ ደስ እያላቸው። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “ምን ላርግ ብለው ነው? ጎረቤት ይገባል፣ ያ ቤት ስክሪኑ ላይ ሲዞር አፉን ከፍቶ ያያል፤ ማሻአላህ የሚል የለም! ዓይን እንዳይበላብኝ ዳንቴሉን አለበስኩት። ሲጠፋ ጊዜ ወላሂ ዓይኑ በረታ ብዬ ብርድ ልብስ ጨመርኩ። ለሰዓዳ እንዳትነግሩብኝ፣ ትስቅብኛለች። ኮቴዋን ከደረጃው ስሰማ አነሳዋለሁ።”

ስለ አየር፣ ስለ ሙቀት የማውቀው ሁሉ ምላሴ ላይ መጣ። ጋሽ ሙሉጌታ ግን ሥራ እንደሚማከር ሰው አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

“እትዬ ዘይነባ፣ ጎረቤት አፉን ከፍቶ የሚያየው የቱን ነው?”

“የሚዞረውን ቤት ነዋ።”

“እሱ ያለው ስክሪኑ ላይ ነው። ሳጥኑንማ ማን ዞሮ ያየዋል?”

እትዬ ዘይነባ ሳጥኑን ዞር ብለው አዩት። “እውነትዎን ነው!”

“እንግዲያው ስክሪኑን እናጥፋውና ዳንቴሉን እሱ ይልበስ። ሥራውን የሚሠራው ሳጥኑ ነው፤ እሱ ይተንፍስ።”

ብርድ ልብሱን ያነሱት ራሳቸው እትዬ ዘይነባ ናቸው። ወበቁ ፊታችንን መታን። እጃቸውን ወደ ሳጥኑ ጀርባ ሰደዱና ወዲያው ሰበሰቡ። “ያረቢ! እኔ ነኛ ያፈንኩት! የልጄን እንጀራ በገዛ እጄ!” ዓይናቸው እንባ ሞላ።

“አብሽሩ” አሏቸው ጋሽ ሙሉጌታ፤ በራሳቸው በእትዬ ዘይነባ አነጋገር። “እርስዎ የጠበቁት በሚያውቁት መንገድ ነው። ደግሞ አልጠፋም፣ እየሠራ ነው። በሰዓቱ ደርሰናል።”

ሳጥኑን ከጥጉ አውጥቼ ከግድግዳው አራቅሁት። ሻይ ቀርቦልን እስክንጠጣ ዘጠና ደርሶ የነበረው ሙቀት ወደ ሰባ ወረደ። ስክሪኑን አጠፋሁት። እትዬ ዘይነባ ቢስሚላህ ብለው ዳንቴሉን አለበሱት፤ ጫፉንም አስተካከሉ።

አርብ ከሰዓት ሰዓዳ እየሮጠች ሼዱ ገባች። ቪዲዮው ወጥቷል፣ አስረክባለች፣ ሰኞ ቢሮ ትገባለች። አቀፈችኝ፤ ጋሽ ሙሉጌታን ጉንጫቸውን ሳመች።

“ግን ምን ነበር ችግሩ?”

“ጥግ ላይ ተጣብቆ አየር አጥሮት ነበር” አሉ ጋሽ ሙሉጌታ መነጽራቸውን እየጠረጉ።

“ታዲያ ለምን እኔ ስወጣ ብቻ?”

እኔ ካቻቢቴ ፍለጋ ጠረጴዛው ሥር ገባሁ።

“ከባዱን ሥራ የምትሰጪው ስትወጪ አይደል?” አሏት። ይህም ውሸት አልነበረም። ሰዓዳ ጭንቅላቷን ነቀነቀች፣ እየሳቀች ወጣች። ጋሽ ሙሉጌታ የብርድ ልብሱን ነገር ከዚያ በኋላ ለማንም፣ ለኔም ጭምር፣ አላነሱትም። ብዙ አለቃ አይቻለሁ፤ እንደሳቸው ያከበርኩት የለም።

ቆይቼ እኔም ዋና ቴክኒሻን ሆንኩ። ካርዱ የሚግልበት ሰው የትኛውን ማቀዝቀዣ ልግዛ ሲለኝ፣ ከካርዱ ዓይነት በፊት ኮምፒውተሩ የት እንደሚቀመጥና ቤት ማን እንደሚውል እጠይቃለሁ። ሥራውን ለምትጀምሩ የምነግራችሁ ይህን ነው፦ ማሽኑ የሚታመምበት ቦታ ድረስ ሂዱ። ምክንያቱን ማግኘት ሥራችሁ ነው፤ ጥፋተኛውን መናገር ግን ሥራችሁ አይደለም።