መስኮቱ ክፍት ይሁን

እናቴ ከመስኮት ጋር ጠበኛ ነበረች። ናይሮቢ ስንገባ መጀመሪያ የለመደችው ስዋሂሊ «ፉንጋ ዲሪሻ» ነው፤ መስኮቱን ዝጋ ማለት ነው። ማታቱ በሚሉት የከተማ ሚኒባስ ውስጥ ገና ከመቀመጧ የማታውቀውን ሰው ትከሻ ነካ ታደርግና «ፉንጋ ዲሪሻ» ትላለች። ውስጡ በላብና በናፍጣ ቢታፈን ደንታ የላትም። ሰዎቹ ዞር ብለው እሷን ያያሉ፣ ቀጥሎ እኔን ያያሉ። እኔ እንደማላውቃት ሆኜ ወደ መንገዱ አያለሁ። ለሷ በሽታ ማለት ንፋስ ነው። ወገብ ይሁን ጥርስ፣ የታመመ ሁሉ ንፋስ መትቶት ነው። በሌላ ነገር ብዙ የምትከራከር ሴት አይደለችም፤ በዚህ ግን ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነበረች።

የምንኖረው የአገራችን ሰው የሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስትሊ ነው። ታች እሷ የምትሠራበት ትንሽ ምግብ ቤት አለ፣ ላይ ሁለታችን የምንተኛባት አንዲት ክፍል። ክፍሏ ያላት አንድ መስኮት ነው፤ ያውም ተከፍቶ አያውቅም። ምግብ ቤቱን የሚሞሉት ፕሮሰስ የሚጠብቁ ልጆች ናቸው፤ ካናዳ ይሁን አውስትራሊያ፣ የሚወስዳቸውን አገር የሚጠብቁ። ወሬያቸው ሁሉ ኢንተርቪውና ሜዲካል፣ ማለትም የጉዞ የጤና ምርመራ ነው። ሜዲካል ላይ ሳንባው የተጠረጠረ ሰው ጉዞው ቀጥ ይላል። ይሄን ኢስትሊ ውስጥ የማያውቅ የለም።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ ላይ እኔ ዋርድ መግባት የጀመርኩ የሕክምና ተማሪ ነበርኩ። ከመግባታችን በፊት ስለ ራሳችን ጥንቃቄ የተነገረን አንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ ነው። የወጋችሁበትን መርፌ መልሳችሁ አትክደኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ የጉበት ክትባት ውሰዱ ተባልን። ክትባቱ አልነበረም፤ ሲመጣ ትጠራላችሁ አሉን። አልተጠራንም። ማስክ የምንገዛው ራሳችን ነን፤ ለቲቢ የሚሆነው ወፍራሙ ማስክ የተገኘ እንደሆነ፣ ላስቲኩ እስኪላላ ድረስ በጋዋን ኪሳችን ይዘን እንዞራለን። ታዲያ ያጉረመረመ የለም። ሐኪም ልሁን ያለ ሰው በሽታ ፈራሁ ቢል ያስቃል።

ይሄ ነገር የሚያሳስባቸው የሳንባ ሐኪም የሆኑት መምህራችን ብቻ ነበሩ። ኬንያዊት ናቸው፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ። ዋርድ ሲገቡ ከሰላምታ በፊት መስኮት ይከፍታሉ፤ ከአልጋ አልጋ እየሄዱ፣ የዛገውን እየገፉ። ማስክ ባይኖራችሁ ንፋስ አለላችሁ ይሉን ነበር። መስኮት አይዘጋም፤ ተማሪም የሚቀመጠው በመስኮቱ በኩል ነው፤ ንፋሱ ከተማሪው ወደ በሽተኛው ይሂድ እንጂ ከበሽተኛው ወደ ተማሪው እንዳይመጣ። ይሄን ቤት ሄጄ ለእናቴ ብነግራት ሳቀችብኝ። ይሄን እንድትማሪ ነው እኔ ከእሳት ጋር የምውለው? አለችኝ።

ሐምሌ ላይ አንዲት ኢትዮጵያዊት ዋርዳችን ገባች። በእናቴ ዕድሜ ናት። ለሜዲካል ብትሄድ ሳንባዋ ተጎድቶ ተገኘ። እንግሊዝኛም ስዋሂሊም የላትም፤ አስተርጓሚ ሲጠፋ እኔ ተጠራሁ። ከዚያ በኋላ የሷ ነገር ሁሉ በኔ አፍ ሆነ። ነርሷም ዶክተሩም እኔን ይጠራሉ፣ እኔም አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። በማስክ ውስጥ ሳወራት አይሰማትም፤ ስለዚህ ወደ አገጬ ዝቅ አደርገዋለሁ።

የመጀመሪያ ቀን የጠየቀችኝ ስለ በሽታዋ አይደለም። ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣ ልጄ እኔን የሚገድለኝ ሳሉ አይደለም፣ ይሄ መስኮት ነው አለችኝ። ተነስቼ ዘጋሁት። ብዙ አሰብኩበት ብል ውሸት ነው፤ እጄ ነው የሄደው። በሽተኛ ተኝቶ መስኮት ተከፍቶ ካየን መዝጋት እኛ ቤት እንደ ሰላምታ ነው። መምህራችን ጠዋት ይከፍታሉ፣ እኔ ከሰዓት እዘጋለሁ። እሷም ወልደሽ ሳሚ እያለች ትመርቀኛለች። ቆይታ ተሻላትና ወጣች። ከዚያ ወዲያ አላየኋትም።

ለፈተና ስናጠና ሳል ጀመረኝ። የኢስትሊ አቧራ ነው አልኩ። ሲያልበኝና ስከሳ እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። በሌላ ሰው ላይ ባየው ወዲያው የምለየውን ነገር በራሴ ላይ አልለየሁትም። እናቴ ምርመራ አላስፈለጋትም፤ ብርድ ነው ብላ ጨርሳለች። የመስኮቱን ስንጥቅ በጨርቅ ወተፈች፣ በበሩ ሥር ፎጣ ጠቅልላ አስቀመጠች፣ ነጭ ሽንኩርት በማር አበላችኝ። ገበያው ቀዝቀዝ ሲል ወደ ላይ እየወጣች ጀርባዬን ታሽልኛለች። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ካደግኩ ወዲህ እንደዚያ ተሞላቅቄ አላውቅም።

አክታዬ ደም ሲቀላቅል ወደ መምህሬ ሄድኩ። የራጅ ፊልሙን ወደ ብርሃን አንስተው አዩት። አልተቆጡኝም። ከማን ጋር እንደምተኛ ጠየቁኝ፤ ከእናቴ ጋር አልኩ። እሷስ ሌላ በሽታ አለባት ወይ አሉኝ፤ ስኳር አለባት አልኩ። ያኔ ፊልሙን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ስኳር ያለበትን ሰው ይሄ በሽታ እንዴት እንደሚያደርገው አውቃለሁ፤ ያን ሰሞን ያጠናሁት እሱን ነው። ቶሎ አምጫት፣ መስኮታችሁንም ክፈቱ አሉኝ። ስለ ራሴ ፍርሃት ይመጣል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልመጣም። ማታቱ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው አንድ ነገር ነው፤ እሷን እንዳይዛት።

ለእናቴ በሽታውን በስሙ ነገርኳት። አዳመጠችኝ፣ አለቀሰች፣ እንባዋን ጠረገችና ድምፅሽን ቀንሺ አለችኝ። ታች ልጆቹ ምሳ እየበሉ ነው። ሜዲካል የሚጠብቅ ሰው ቲቢ ካለበት ቤት ምን ቆርጦት ይበላል? ወሬው ከወጣ ምግብ ቤቱ አለቀለት፤ ምግብ ቤቱ ካለቀለት እኔም ትምህርቴ አለቀለት። ስለዚህ ሄዳ መመርመሩን አሻፈረኝ አለች። ምን ሆኜ? ነው መልሷ። ለመንኳት፣ ጮህኩባት፣ ስኳርሽ አለ እኮ አልኳት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በመስኮቱ ግን ጦርነት ሆነ። እኔ እከፍተዋለሁ፤ ወጣ ብዬ ስመለስ ተዘግቷል። ጨርቁን እነቅላለሁ፤ ሌላ ጨርቅ ይወተፋል። ሳንባሽ ታሞ ንፋስ ትጠጫለሽ፣ ልትሞቺብኝ ነው? ትለኛለች። እሷ የምትዘጋው ለኔ ነው። እኔ የምከፍተው ለሷ መሆኑን ብነግራት አታምነኝም፤ እኔ ምንም አልሆንኩም፣ ለራስሽ እወቂ ትላለች።

መድኃኒቱ ሽንቴን ብርቱካን አስመሰለው፣ እግሬን አደነዘዘው። የደነዘዘው እግሬ ብቻ አልነበረም። ደህና ነሽ ወይ ሲሉኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ ደህናም ነበርኩ፤ ሳሉ ቆመ፣ ሰውነቴ ተመለሰ፣ ትምህርቴን ቀጠልኩ። የት ያዘሽ ብሎ የጠየቀኝ ግን የለም። ከኛ ቀጥለው የመጡት ተማሪዎች ያችኑ አንድ ከሰዓት በኋላ ሲማሩ በክፍሉ በር አጠገብ አለፍኩ። ስለ መርፌው እየተነገራቸው ነበር። ቆሜ አዳመጥኩና ወደ ካፍቴሪያ ሄድኩ።

እናቴ የምትስለው ወጥ ቤት ውስጥ ነበር፣ በበርበሬው እያመካኘች። ስትከሳም በስኳሩ ታመካኛለች። እኔ ላይ ክፍል ሳለሁ አንድም ቀን ሳትስል የቆየችው ይዛው ነው፤ ኋላ ነው የገባኝ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ቀደም ብዬ ብመለስ፣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛዋለች፤ ነጠላው ደም ነክቶታል። ያን ቀን አልተከራከረችኝም። ልጆቹ ሳያዩን በጓሮ በር እንውጣ ብቻ አለችኝ።

ደግሞ ሐምሌ ሆኖ ነበር። የተኛችው እዚያው ዋርድ ነው። ሁለቱም ሳንባዋ ተይዟል፣ ስኳሯም አልወርድ ብሏል። መምህሬ እንደ ልማዳቸው መስኮቶቹን እየከፈቱ መጡ። እናቴ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉና እኔን አዩኝ፤ ከዚያ ከፈቱት። እኔ በሕጉ መሠረት በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ። ብርዱ እኔን አልፎ እሷ ላይ ይሄዳል። ጋቢዋን እስከ ጆሮዋ ተከናንባ ከንፈሯ ይንቀጠቀጣል። ዝጊው እስክትለኝ እጠብቃለሁ። ብትለኝ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

አንዲት ነርስ መንቀጥቀጧን አይታ «ፖሌ፣ ማማ» ብላ አዘነችላትና መስኮቱን ልትዘጋ እጇን ሰደደች። እናቴ ከጋቢው ውስጥ እጇን አወጣች።

«ሃፓና» አለች። ተይ፣ አይሆንም ማለቷ ነው።

ነርሷ ግራ ገብቷት ወደኔ ዞረች። እኔም ጎንበስ ብዬ፣ እማዬ ብርድ ነው እኮ፣ ትንሽ ገርበብ ላድርገው አልኳት።

«ተይው፣ ክፍት ይሁን» አለችኝ። «አንቺ እዚህ ተቀምጠሻል።»

ከዚያ ፊቷን ወደ ሌላው አልጋ አዞረች። ብዙ ሰው ይሄን ስነግረው በመጨረሻ ትምህርቱ ገባት ይለኛል። አልገባትም። እናቴን እኔ አውቃታለሁ። የሚገድላት ያ ንፋስ መሆኑን አንድም ቀን አልተጠራጠረችም። እንደዚያ እያመነች ነው ክፍት ይሁን ያለችው።

ነሐሴ ሳይገባ ሞተች።

ለቀስተኛው ታችም ላይም ሞላ። ፕሮሰስ የሚጠብቁት ልጆችም መጡ። በምን እንደሞተች ለጠየቀኝ ሁሉ በቲቢ ነው፣ እናንተም ሄዳችሁ ተመርመሩ አልኩ። አንዳንዶቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ፤ አልተቀየምኳቸውም። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፣ ሴቶቹም እየጠበቁኝ ነው፤ እንባ ግን አልመጣም። ላይ ክፍሏ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን ሳለ አንዷ ተነሳችና፣ ልጅቷን ሐዘን ላይ ንፋስ ይመታታል ብላ መስኮቱን ዘጋችው። ተነስቼ መልሼ ከፈትኩት። ሁሉም አዩኝ፣ ነጠላቸውን ወደ ጆሯቸው ሳብ ሳብ አደረጉ። ብርድ ነበር።