«ፎቶ» የሚለው ቃል የጎደለው ማስታወቂያ

የእህቴ ልጅ ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከፍታለች። ባለፈው ሰሞን ደውላ «አጎቴ፣ አንተ የቅኔ ሰው ነህ አይደል? ለቴሌግራም የሚሆን ሁለት ሦስት መስመር ማስታወቂያ ጻፍልኝ፤ ልብ የሚነካ ይሁን» አለችኝ። ብዙ ካሰብኩ በኋላ «ሰርግ፣ ክርስትና እና ምረቃ ፎቶ እናነሳለን» ብዬ ላክሁላት። ወዲያው መልስ መጣ፦ «አጎቴ፣ ይኼማ ምኑ ተጻፈ?» ልጅቱ እውነቷን ነው። ግን ስለ ፎቶ ማስታወቂያ ስጽፍ እጄ የሚፈራበት ምክንያት እንዳለው አታውቅም። እናቷም አታውቅም፤ ለማንም ነግሬ አላውቅም።

ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ጎረምሳ ሳለሁ ነው። አርብ ገበያ ከምትባለው የጋይንት ከተማ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ ካለ ቅኔ ቤት ወጥቼ ከተማ ገባሁ። ለመምህሬ ለየኔታ «ቤተ ልሔም ደብር ሄጄ የድጓ ዜማ እማራለሁ» ብያቸው ነበር የተሰናበትኳቸው። እውነቱን ለመናገር ግን የቁራሽ ልመናውና የውሻው ጩኸት ሰልችቶኝ ነበር። እግሬም ቤተ ልሔም ሳይደርስ ገበያው ላይ ቀረ።

እዚያ ነው ጋሽ ሰይድን ያገኘሁት። አባቱ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ከጨርቁ ይልቅ ካሜራውን ወድዶ አንዲት ክፍል ፎቶ ቤት ከፈተ። ግድግዳው ላይ ሐይቅና ጀልባ አስሎበታል፤ ጥግ ላይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ጥቁር ኮትና የታሰረ ክራቫት ተሰቅሏል። አርብ አርብ ገብስና ባቄላ በአህያ ጭኖ የመጣ ገበሬ ሸጦ ሲያበቃ ይገባና ኮቱን በቁምጣው ላይ ደርቦ ይቀመጣል። ፎቶው ጉርድ ስለሆነ ከወገብ በታች ማን ያየዋል! ፊልሙ በአውቶቡስ ደብረ ታቦር ሄዶ ታጥቦ እስኪመለስ፣ መንገዱ ከተበላሸ ደግሞ እስኪጠገን፣ ባለፎቶው ገበያ በመጣ ቁጥር «ደረሰልኝ?» እያለ ይጠይቃል።

እኔን የቀጠረኝ ለጽሕፈቴ ማማር ነው። የፎቶ ፖስታ ላይ ስም እጽፋለሁ፣ መብራት እይዛለሁ፣ የሕፃናትን ንፍጥ እጠርጋለሁ። ባለቤቱ ዘይነባ ምግብ አትነፍገኝም ነበር። ከሥጋው በቀር ሁሉንም አብረን እንበላለን፤ እነሱ ሥጋ በሚበሉበት ቀን ለእኔ ሽሮ በሌላ ድስት ትሠራልኛለች። «ደብተራው እንዳይረክስብን» እያለች ትስቅብኝ ነበር። ያን ዓመት የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ወሯ ገብቶ ነበር።

ችግሩ የመጣው በግንቦት ነው። አንድ ጎረምሳ ዲጂታል ካሜራ ይዞ መጣና ፊት ለፊታችን ተከራየ። የእሱ ፎቶ እዚያው በዕለቱ ይደርሳል። ሰዉ ወደዚያ ጎረፈ፤ የእኛ ኮት አቧራ ይጠጣ ጀመር። ጋሽ ሰይድ በር ላይ ተቀምጦ መንገዱን እያየ «ደብተራው፣ ያ ቅኔህ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው እንዴ የሚሠራው? ሰዉን የሚጠራ ነገር ጻፍልን እንጂ» አለኝ።

እኔ ደግሞ ይህን ቃል ስጠብቅ የኖርኩ ይመስል ሁለት ቀን ሙሉ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ዋልኩ። በአማርኛ ሰው ፎቶም ይነሳል፣ ከእንቅልፉም ይነሳል፣ ሙትም ይነሳል፤ ይህን የመሰለ ኅብረ ቃል አግኝቶ ማን ዝም ይላል? እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

የጋይንት ልጆች ተነሱ፣ መተኛት ምነው አበዛችሁ፤
ሳትነሱ ብትሞቱ፣ ልጅ በምን ያስታውሳችሁ?
አርብ፣ ሰይድ ዘንድ።

ጋሽ ሰይድ አንብቦ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው፤ ግን ፎቶ የሚለው የታለ?»

«ፎቶ ከተባለማ ቅኔነቱ ቀረ፤ ወርቁ ወጥቶ ይታያል» አልኩት።

«ወርቁ ወጥቶ ቢታይ ምን ይላል?»

«ጋሽ ሰይድ፣ ሰይድን የማያውቅ ማን አለ? ሰይድ ካሉ ፎቶ ነው።»

ሳቀና ተወው። በካርቦን ቁጭ ብዬ አባዛሁት፤ አርብ ጠዋት ከአህያ ተራ እስከ እህል ተራ ላለው ሰው አደልኩት፣ የጠላ ቤቱ በር ላይም ለጠፍኩ።

ያን ጊዜ ከተማው ደኅና አልነበረም። የምርጫ ሰሞን ነበር፤ ሌላ ቦታ ረብሻ ተነሳ፣ ሰው ታሰረ የሚል ወሬ ከአውቶቡስ ጋር ይመጣል። ሁለት ሰው ቆሞ ሲያወራ ሦስተኛው ዞር ይላል። እኔ ግን ቅኔዬ አስክሮኝ ይህን ሁሉ አላሰብኩም። አንድ ጎልማሳ ገበሬ ወረቀቱን አስነብቦ ሲያበቃ «እሽ፣ ተነሱ ብሎናል፤ ወዴት ነው ግን የምንነሳው?» ሲል ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀትር ላይ ሴቶች ሽንኩርታቸውን ሳይሸጡ ሲሰበስቡ አየሁ። ገበያው ያለ ሰዓቱ ሳሳ።

ጋሽ ሰይድን ከጁምዓ ሰላት ሲመለስ ፖሊሶች ሱቁ በር ላይ ጠብቀው ወሰዱት። ዘይነባ በሁለት እጇ ሆዷን ይዛ እስከ ፖሊስ ጣቢያው ተከተለችው። እኔም እየሮጥኩ ደረስኩና «የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ፎቶ ተነሱ ለማለት ነው» ብዬ ጮህኩ።

የጸጥታው ኃላፊ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። ልጅ ሆኖ የቄስ ትምህርት የቀመሰ ሰው ነበር፤ ይኸው ነው የጎዳን። «ልጄ፣ እኔም ቅኔ ቤት ባልዘልቅ ደጁን ረግጫለሁ» አለኝ። «ፎቶው ሰሙ ነው። ወርቁን ንገረኝ።»

«ወርቁ ነው ፎቶው!»

«ታዲያ ሰሙ ምንድን ነው? ተነሱ፣ ብትሞቱም ትታወሳላችሁ፣ አርብ ሰይድ ዘንድ ተገናኙ። አይደለም እንዴ?»

እንዲህ ሲፈታ እውነትም እንዲያ ይላል። ኃላፊው ክፉ ሰው አልነበረም፤ እሱም ከበላዩ ያለውን ይፈራል። ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የእሱ ስለሆነ፣ ሰኞ ጠዋት በሚሄደው መኪና ጋሽ ሰይድን ወደ ዞን እንደሚልከው ነገረኝ። «ዞን ከገባ ከእጄ ወጣ። ወርቅ የለውም ብሎ የሚመሰክር መምህር ካለህ አምጣ፤ እሰማዋለሁ» አለ።

ቅዳሜ ገና ጎሕ ሲቀድ ወጣሁ። ዘይነባ የገብስ ቆሎ በጨርቅ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ «ወንድሜ፣ አባት አታሳጣብኝ» ከማለት በቀር ሌላ አልተናገረችም። ቀዳሚት ሰንበት ስለሆነ ማሳው ላይ አንድም ጥማድ አልነበረም፤ አቧራው እስከ ቁርጭምጭሚት ይደርሳል፤ በስተ ምሥራቅ ደመናው እያጉረመረመ አይዘንብም። ቆሎውን እየቆረጠምኩ ቀትር ላይ ቅኔ ቤቱ ደረስኩ።

የኔታ ቤተ ልሔም እንዳልሄድኩ ሲሰሙ አልተቆጡም። ነገሩን ከሥር ከመሠረቱ አስረዳኋቸው። «እሑድ ቅዳሴ እንደወጣ እንሄዳለን» አሉ፤ ሄድንም። ሽማግሌ ናቸው፤ በመቋሚያቸው ተደግፈው ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ነበር የሚወርዱት። ግማሽ መንገድ ላይ «እስቲ በለው» አሉኝ። አልኩት። «እንደገና።» ደገምኩት። ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉ፤ ይሳቁ፣ ይዘኑ፣ ከፀሐዩ ይከለሉ አላየሁም። ከዚያ በኋላ መቋሚያቸውን እየተከሉ ወደ አርብ ገበያ ወረዱ።

እኔ ግን ፍርሃት ተብትቦኝ ነበር። የኔታ ሐሰት የሚባል ነገር አያውቁም። ተማሪ አንዲት ቅጥፈት ቢናገር «ሐሰተኛ ምላስ ቅኔ አይወጣላትም» ብለው ሱባኤ ያስገቡታል። ያ ወረቀት ሁለት ትርጓሜ እንዳለው ደግሞ ከእሳቸው የተሰወረ አይደለም። እውነቱን ከተናገሩ ጋሽ ሰይድ አለቀለት።

ጣቢያው ስንገባ ኃላፊው ብድግ ብሎ መስቀላቸውን ተሳለመ። ጋሽ ሰይድን አስወጥተው አቆሙት፤ በሁለት ቀን ብቻ አርጅቷል። ሁለት ፖሊሶች በር ላይ ቆመዋል። ኃላፊው ወረቀቱን ጮክ ብሎ አነበበ።

የኔታ አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና «ይኼን ነው ቅኔ ያላችሁት?» አሉ።

«ኅብር አለው ብዬ ነው፣ የኔታ። ተነሱ ይላል…» አለ ኃላፊው።

«ኅብር? ሰም የለው፣ ወርቅ የለው! ፎቶ ተነሱ ማለት አቅቶት የሚንደፋደፍ ሰው ነው። ለዚህ ነው እኔን ሽማግሌውን ገደል ያስወረዳችሁኝ?»

«ተማሪዎ አይደለም እንዴ?»

«ነበረ። የጀማሪውን ጉባኤ ቃና እንኳ በወጉ ሳይሞላ የሄደ ልጅ ነው። እንዲህ ያለውን እኔ አስተማርኩ አትበሉብኝ፤ ስሜን አታጥፉ።»

ኃላፊው ሳቀ። ፖሊሶቹም ሳቁ። ጋሽ ሰይድ እንኳ በዚያ ሁሉ ጭንቀቱ ፈገግ አለ። እኔ ከመሬት በታች ብገባ በወደድኩ። «እንግዲህ መሃይም ሆኖ ነው» አለ ኃላፊው፤ ወረቀቱንም ቀደደው። ጋሽ ሰይድ ያን ዕለት ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤቱ ገባ። ዘይነባ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ «አልሐምዱሊላህ» እያለች ስታለቅስ ሰማኋት። በሳምንቱ ሴት ልጅ ወለደች።

ሰኞ ማለዳ የኔታን ልሸኛቸው ወጣሁ። ከከተማው ጥግ ስንደርስ አንዲት ቃል ጠበቅሁ። ዐይናቸውን ጠቀስ ቢያደርጉልኝ፣ ትከሻዬን መታ ቢያደርጉኝ ይበቃኝ ነበር። እሳቸው ግን መቋሚያቸውን ከትከሻቸው አሳርፈው «በል ቤተ ልሔም ሂድ። ድጓ ይሻልሃል። ድጓ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ ከራስህ የምትጨምርበት የለህም» አሉኝና ባርከውኝ ሄዱ።

ቤተ ልሔምም አልሄድኩ፣ ቅኔም አልዘረፍኩ። የኔታ ካረፉ ብዙ ክረምት አለፈ። ቤተሰቤ እስከ ዛሬ «የቅኔ ሰው» ይለኛል፤ በተባልኩ ቁጥር ያ የጣቢያ ሳቅ ጆሮዬ ላይ ይጮሃል። የእህቴ ልጅም ትናንት ደግማ ጻፈችልኝ፤ «ተወው፣ ራሴ ጻፍኩት» ብላለች። ጎበዝ ናት፤ ማንበቡን ግን ፈርቼ ቆየሁ።

የኔታ ያን ቀን ዋሽተው ከሆነ፣ ለአንድ እስላም ፎቶ አንሺ ሲሉ በሕይወታቸው ያልነኩትን ሐሰት ነኩ፤ በኃጢአታቸው ውስጥ እኔ አለሁበት። እውነታቸውን ከሆነ ደግሞ በቅኔው ውስጥ እኔ የለሁበትም። ጋሽ ሰይድ ወጥቷል፤ ያ ሊበቃኝ ይገባ ነበር። ፀጉሬ ሸብቶም የምመኘው ግን እኒያ ጻድቅ ሰው ዋሽተው እንዲሆን ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።