የጾሙ ስልክ

ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለነፍስ አባቴም ጭምር። በየፍልሰታው ሐሜቴን፣ ስድቤን፣ በጾም የቀመስኩትን ሁሉ ዘርዝሬ እዚህ ላይ ስደርስ እዘለዋለሁ። እናንተ አታውቁኝም፣ ፊቴንም አታዩትም። እስቲ ለእናንተ ልናገር።

ወሎ ሰፈር፣ ከጋራዦቹ ጀርባ ስልክ እጠግናለሁ። ጋሽ መርዕድ የሚባሉ ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ፤ ነበሩ ስል ዛሬም አሉ። ቦሌ ሚካኤል ይኖራሉ፣ በደጄ ካለፉ ጎራ ሳይሉ አይሄዱም። ሆላንድ ያለው አንድ ልጃቸው ዮናስ የተለየ ስልክ ላከላቸው። በብሎን የተያያዘ ነው፣ የተበላሸው ክፍል ብቻ እየተፈታ ይቀየራል። ማዕድኑን ሕፃናት አልቆፈሩትም፣ የገጣጠመውም ሠራተኛ ላቡን አልተበላም ይባላል። ጋሽ መርዕድ ማዕድኑ የሚቆፈርባትን ኮንጎን በጣታቸው ጠረጴዛዬ ላይ እየሳሉ አስረዱኝ።

«ይሄማ የጾም ስልክ ነው ጋሼ፤ ደም አልነካውም» አልኳቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። ለዮናስም ደውለው ነገሩት።

እኔን ግን ስልኩ አናደደኝ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። በሙጫ የታሸገውን ስልክ ስንቴ በሙቅ አየር አቅልጬ፣ በምላጭ ፈልቅቄ፣ ስክሪኑን ሰንጥቄ ከሰው ጋር ተጣልቻለሁ። የሚፈታ ስልክ ለእኔም እፎይታ ነው። ግን ዕቃው የት አለ? ለሌላው ስልክ ኮፒም ቢሆን እዚሁ ይገኛል። ለዚህኛው መንገደኛ ካልመጣ አንዲት ብሎን የለችም። ከባድ ነው፣ ካሜራውም ያን ያህል አይደለም። ሆላንድ ተቀምጦ «ራስህ ጠግነው» ማለት ምን ይከብዳል? ይህን ሁሉ ፊት ለፊት ነግሬያቸዋለሁ። ያልነገርኳቸው አንዱን ነው፤ ሁሉም ሰው ስልኩን ራሱ ከፈታ እኔ ምን ልሠራ ነው?

ባትሪው ሲደክም ዮናስ አዲስ በመንገደኛ ላከ። ጋሽ መርዕድ ይዘውት መጡ። «እጄ ባይንቀጠቀጥ ራሴው እቀይረው ነበር። ክዳኑ በጥፍር ነው የሚነሳው» አሉኝ። እኛ ዘንድ ደንበኛ ስልኩ ሲከፈት ዓይኑን ከእጃችን አይነቅልም፤ ዕቃ ይለውጡብኛል ብሎ ይፈራል። እሳቸው ግን «አደራ» ብለውኝ መድኃኔዓለም ለቀብር ሄዱ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ሲባል ሰምቼ ነው ያደግሁት።

በጥፍር ነው የሚነሳው። ነገሩ ከነከነኝ። ጥፍሬን አላስጠጋሁም። ሙቅ አየሩን ለቀቅኩበት፣ ምላጬን ሰደድኩበት። ሙጫ በሌለበት ሙጫ ፈለግኩ። ልማድ ነው እንዴ? ለራሴ ልማድ ነው ስል ኖሬያለሁ። ውሸቴን ነው፤ እልህ ነው። ያ ስልክ እንደሌላው እኔን እንዲፈልገኝ ነው የፈለግኩት። ክዳኑ ተኮማተረ፣ ምላጩ ውስጡን ቧጠጠው። አዲሱን ባትሪ ከተትኩበት፤ አልበራም አለ። ገደልኩት። እኔ ነኝ የገደልኩት።

ጋሽ መርዕድ ከቀብር ሲመለሱ «አበላሸሁት» ብል ምን ይሉኝ ነበር? ምንም። ያውቁኛል፣ ይወዱኛል። ከአፌ የወጣው ግን ሌላ ነው። «ጋሼ፣ ልጅዎ የላከው ባትሪ ኮፒ ነው። እሱ ነው ያቃጠለው» አልኳቸው።

የተኮማተረውን ክዳን አገላብጠው አዩት። ከዚያ እዚያው ቆመው በእኔ ስልክ ለዮናስ ደወሉ። ልጁ ከአምራቹ ከራሱ ነው የገዛሁት እያለ ማለ፣ ተገዘተ። «የሙያው ሰው እኮ ነው የነገረኝ» አሉት። «ለዓለም ሁሉ ሐቅ ትሰብካለህ፣ ለአባትህ ሲሆን ኮፒ ይበቃዋል?» ብለው ዘጉት። እኔ ምን አደረግኩ? ብሎን እየለቀምኩ ነበር።

ከወር በኋላ ዮናስ በዚያው ቁጥር ደወለልኝ። «አባቴ ሌላ ስልክ ቢይዝም አያነሳልኝም። አልቀየምህም፣ በእግዚአብሔር እውነቱን ንገረኝ፤ ባትሪው በርግጥ ኮፒ ነበር?» አለኝ። የመጀመሪያውን ደንግጬ ነው እንበል። ሁለተኛውስ? ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አላስገደደኝም። ወንበሬ ላይ ተደላድዬ ተቀምጬ «ኮፒ ነው ወንድሜ፣ በዓይኔ አይቼዋለሁ» አልኩት። አመስግኖኝ ዘጋ።

ይኸው ሁለት ዓመት አለፈ፣ አባትና ልጅ አይነጋገሩም። ኑሮ ነው፣ ዕቃ ጠፍቶ ነው፣ ስልኩ አጉል ነው ብዬ ላመካኝ ሞክሬያለሁ፤ ለራሴም አልዋጥልህ አለኝ። ስልኩ ምንም አላጠፋም። ቦሌ ሚካኤል ድረስ ሄጄ፣ ከበራቸው ቆሜ፣ ሳላንኳኳ የተመለስኩባቸው ቀኖች አሉ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ይቅር ማለት የሚችሉት ሁለቱ ብቻ ናቸው፣ እነሱ ደግሞ መበደላቸውን አያውቁም።

ዘንድሮ ለፋሲካ ጋሽ መርዕድ ሱቄ መጡ። «ብቻዬን ነኝ፣ ና አብረን እንፈስክ» አሉኝ። ሄድኩ። ገበታው ላይ እንደተቀመጥን ጎረቤታቸው እንኳን አደረሳችሁ ልትል ገባችና እኔን አይታ «እንግዳው ማን ናቸው?» ብላ ጠየቀቻቸው።

«ልጄ ነው» አሉ።

እንጀራቸውን ቆርሼ በላሁ።